ያልተጨበጠ ሩዝ

እናቴ አባቴ ላይ ቢላ ያነሳችው ለአንድ የባሕር ቅጠል ብላ ነው ብዬ ለብዙ ዓመታት አምን ነበር። ለሰውም እንደዚያው አወራ ነበር። ብራዚል፣ ኩሪቲባ ስማር፣ ጓደኞቼ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ «እኛ ሰፈር ቅጠል ከሰው ይከበራል» እላቸውና አብረን እንስቃለን። ጥሩ ቀልድ ነበር። አሁን ቀልዱ ራሱ ያስፈራኛል።

ቅጠሉ ኖሪ ነው፤ ሩዝ የሚጠቀለልበት የባሕር ቅጠል። አሪያኬ ባሕር ላይ፣ ጭቃው ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል መረብ ይዘረጋል። ብርዱ ሲገባ መረቡ ጥቁር ጸጉር ያበቅላል። አባቴ በጀልባ ሄዶ ይላጨዋል፤ እናቴ ማድረቂያ ቤት ውስጥ አጥባና ከትፋ ለማሽኑ ትሰጠዋለች፤ ማሽኑ ደግሞ እንደ ወረቀት አንጥፎ ያደርቀዋል። ከወዲያኛው ጫፍ የሚወጣው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ስስ ቅጠል ነው። ሙሉው ለጨረታ፣ የተቀደደውና የተበሳው ለእኛ። በቤታችን ብዙ ሕግ ነበር፤ ደም የሚያፈስሰው ግን ይህ ነበር።

ስለዚህ ሩዛችን ሁልጊዜ የተጣፈ ልብስ ነበር የሚለብሰው። እናቴ መዳፏን ውሃ አስነክታ፣ ጨው ነስንሳበት፣ እንፋሎቱ ያልወጣለትን ሩዝ ሦስት ማዕዘን አድርጋ ትጨብጠውና የቅጠል ቁርጥራጭ እዚህም እዚያም ትለጥፍበታለች። በመኸር ቁጭ ብሎ ቁርስ የሚበላ ሰው የለም። አባቴ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ እኔ በባሕሩ ግድብ ላይ ወደ ትምህርት ቤት እየሄድኩ እንበላዋለን። የጎረቤታችን የእትዬ ኮጋ ልጅ ሺንጎ ከኋላዬ ይጮሃል።

«ቺዙሩ! ሩዝሽ ሱሪው ተቀዷል!»

«የአንተስ?»

የእሱም ተቀዷል።

ጠላቶቻችን የዱር ዳክዬዎች ነበሩ። በመንጋ መጥተው መረቡ ላይ ያረፉ እንደሆነ የሳምንት ቅጠል በአንድ ማለዳ ይግጣሉ። አባቴ መረብ ውስጥ የተጠላለፉትን ከነሕይወታቸው በጆንያ ያመጣና ኩሽናው ወለል ላይ ይዘረግፋቸዋል። አንዷን አንገቷን ጨብጦ እንደ እርጥብ ፎጣ ይጠመዝዛታል። ድምፁ ቀጭን ነው፤ የደረቀ ሸንበቆ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት። ከዚያ ጉሮሮዋን በቢላ ሰንጥቆ ጣቱን ይከትና የዋጠችውን አረንጓዴ ነገር ጠርጎ ያወጣዋል። እጁ ይተንናል።

«ነይ እዪ፣ ዳክዬዬ። ይሄ የማን ቅጠል ነው?»

«የእኛ!»

«ሌባን ምን እናደርጋለን?»

«እንጠመዝዛለን!»

ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ዳክዬዬ የሚለው እኔን ብቻ ነበር፤ እናቴን «አንቺ ሴትዮ» ነው የሚላት። ከሁለታችን ተወዳጇ እኔ እንደሆንኩ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለግኩም።

እናቴን የሚመታት ቅጠል ሲቀደድ ነበር። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ማሽኑ ቅጠል ካበላሸ የመረብ ምሰሶ ከሚሆነው ቀርከሃ አንዱን ያነሳና በጭኗ ላይ፣ በጀርባዋ ላይ ያሳርፋል። አንድ ጊዜ የፈላ ማንቆርቆሪያ ወርውሮባት እሷን ስቶ የእኔን ፍራሽ አበሰበሰው፤ «ዕድለኛ ነሽ ዳክዬዬ፣ ተነስተሽ ነበር» ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ። ቅጠል ባይቀደድ ኖሮ ቤታችን ሰላም ይሆን ነበር ብዬ አስብ ነበር። ቅጠል ሳይቀደድም የሚመታባቸው ቀኖች ነበሩ። እነዚያን የተቀደደውን ሳላይ የቀረሁባቸው ቀኖች ናቸው ብዬ አልፋቸው ነበር።

ስምንት ዓመቴ በሆነበት ብርድ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቴ በፋሻ ታስሮ ነቃሁ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራለች። እጇ አብጦ የሌላ ሰው እጅ መስሏል። አባቴ ከወዲያ ጥግ ጀርባውን ሰጥቶን ደም ይተፋል።

«ከመሰላል ወደቅሽ» አለችኝ።

«እጅሽስ?»

«ማሽን።»

«አባዬስ?»

«የጀልባው ገመድ መጠቅለያ።»

በአንድ ቀን ሦስት አደጋ! መሰላሉ፣ ማሽኑና ጀልባው ተማክረው የመቱን መሰለኝ።

በማግስቱ እኔን አስከትላ ወጌሻው ጋ ሄደች። ጋሼ ኤጋሺራ የካምፎር ቅባት የሚሸት ወፍራም ሰው ነው። የእናቴን እጅ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ እንደ ዓሣ አገላበጠው።

«ማሽን ነው ያልሽኝ?»

«ማሽን ነው።»

«የእኔ እመቤት፣ ማሽን የበላውን እጅ አውቀዋለሁ። ማሽን ጣት ነው የሚወስደው። ይህቺ አጥንት ግን፣» ከትንሿ ጣቷ ሥር ያለውን እብጠት በአውራ ጣቱ ጫን አለው፤ እናቴ ትንፋሿን በአፍንጫዋ ሳበች፣ «ይህቺ የምትሰበረው ሰካራሞች ሲደባደቡ ነው። ያውም የመታው ሰው እጅ ላይ።»

እናቴ እጇን ልትስብ ሞከረች፤ አልለቀቃትም።

«ለመሆኑ ማሽኑ ጥርስ አለው?»

«ነበረው» አለች። «አሁን አንዱ ጎድሎታል።»

ወጌሻው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ አገጯ ድረስ ወረደ።

«ጎበዝ። ግን ስሚኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ማሽኑ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅሽ። ማሽን የሌለበት የምትሄጅበት ዘመድ የለሽም?»

«እህቴ ባሕር ማዶ ናት።»

«ባሕር ማዶ ማሽን የለም?»

«የእሷ ሞቷል።»

ማሽን እንደሚሞት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቤት እንደደረስን ማድረቂያ ቤት ገብቼ የማሽኑን ጥርሶች አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ሁሉም አሉ። የጎደለው ወደ ውስጥ ይሆናል ብዬ ተውኩት። የአባቴን አፍ ግን ያን ቀንም ከዚያም በኋላ አየው ነበር፤ ከፊት ጥርሶቹ መካከል ጥቁር በር ተከፍቶ ነበር። ሁለቱን ነገር ማገናኘት አልቻልኩም።

እናቴ እውነቱን በስልክ የነገረችኝ አድጌ ነው፤ ያውም ሌላ ነገር እያወራን። «ለጨረታ በተደረደረ ቅጠል ላይ ተቀምጠሽ ነበር» አለች። አባቴ በአንድ እጁ አንስቶ ከምሰሶው ጋር አላተመኝ። ዳግመኛ ሊያነሳኝ ጎንበስ ሲል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጨበጠችና አፉ ላይ አሳረፈችው። እኔ ከዚህ ውስጥ ምንም አላስታውስም። መሰላሉን ግን አስታውሳለሁ፤ ያልወደቅኩበትን መሰላል፣ ከነእርከኑ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ መንደራችን ስመለስ አባቴን አይቼዋለሁ። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ደጃፍ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። «እህቴ፣ የከተማ ጫማ አድርገሽ ወደዚያ አትሂጂ፤ ጭቃው ይውጥሻል፣ ከዚያ ባልሽ እኛን ይከስሳል» አለኝና ሳቀ። የፊት ጥርሱ ወርቅ ነው። አላወቀኝም። ደግ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ቀልዱ አስቆኝ ነበር፤ ያሳቀኝን አፌን ለማን ብዬ እንደምቀጣው አላወቅኩም።

እጇ ከታሰረ በኋላ እናቴ ሩዝ መጨበጥ አልቻለችም። ለአባቴ እትዬ ኮጋ ጨብጣ ትልክለት ጀመር። ለእኔ ግን እንድትልክ እናቴ አልፈቀደችም። «የልጄን እኔ ነኝ የምሠራው» አለቻት። አንድ ማለዳ አባቴ ባሕር ላይ ሳለ ከኩሽናው በር ጠራችኝ።

«ነይ፣ ዛሬ አንቺ እጄ ነሽ።»

ለጨረታ ከታሰረው ጥቅል ሙሉ ቅጠል ሳበች።

«እማ፣ ሙሉ እኮ ነው!»

«ሙሉ ካልሆነ አይታጠፍም። ዝም ብለሽ ያዢ።»

ሻካራ ገጹን ወደ ላይ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ሆዴ አድርጌ አነጠፍኩት። መሐሉ ላይ ጨው የነካው ሩዝ በማንኪያ ደለደልን፤ በላዩ ከነዘይቱ የተጠበሰ እንቁላል፣ የተቀቀለና ውሃው የተጨመቀ ጎመን፣ በላዩ እንደገና ሩዝ። ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች እንደ ፖስታ ወደ መሐል አጠፍኳቸው። እርጥበቱ ቅጠሉን ለስላሳ ያደርገዋል፤ ከጣት ሥር እንደ ቆዳ ይተኛል። እናቴ ገልብጣ መክተፊያ ጫነችበት። ቅጠሉ እስኪይዝ ጠበቅን። ከዚያ ቢላውን ውሃ አስነክታ በግራ እጇ በአንድ ጉትት ለሁለት ከፈለችው። «መጋዝ የለም» አለችኝ። «እያመላለስሽ ከቆረጥሽው ሆዱ ይዘረገፋል። አንዴ ነው።»

ውስጡ ሲታይ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ። እንዲህ የሚያምር ነገር ከእኛ ኩሽና ወጥቶ አያውቅም። እናቴ ዘመናዊ ሆነች፣ የአባቴ ቅጠል በመጨረሻ ለእኔም ተፈቀደ ብዬ ኮራሁ። ስለታሰረው እጇ ትዝም አላለኝ።

«ከበላሽ በኋላ ጥርስሽን ታጠቢ» አለችኝ። «በደንብ።»

ዘንድሮ ያ ሩዝ በየሱቁ ሞልቷል። ስምም ወጥቶለታል፤ «ያልተጨበጠ» ይሉታል። ሳጋ ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ስሙን ሳነብ ሻጯ ልጅ «አዲስ ነገር ነው፣ እጅ አያቆሽሽም» አለችኝ። ያልተጨበጠ። አንዱን ገዝቼ መንገድ ላይ ቆሜ ሳልበላው ብዙ ቆየሁ።

በጥር መጨረሻ አባቴ ጥቅሎቹ እየሳሱ መሆናቸውን አወቀ። አልጮኸም። ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ወደ ኩሽናው እያየ፣ «ቤታችን ውስጥ ዳክዬ ገብቷል» አለ።

ደስ አለኝ። ያን ቀን ሙሉ ዳክዬዋን ፈለግኩ፤ ከወለሉ ሥር፣ ከጆንያዎቹ ኋላ፣ ከመታጠቢያው በርሜል ውስጥ። «የለችም እኮ አባዬ!» ስለው ጸጉሬን ዳበሰኝ። «ትገኛለች።» እናቴ ሰማች። የያዘችው ሳህን ወደቀ፤ አባቴም በቀርከሃው ክርኗን መታት። የመታት ለሳህኑ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ነው «ሐሙስ ሽርሽር አላችሁ» ያለችኝ። «መምህርሽ ነገረችኝ። የፕለም አበባ ልታዩ ነው። ለሺንጎ እንዳትነግሪው፤ የእሱ ክፍል አይሄድም፣ ይከፋዋል።»

ሐሙስ ማለዳ አዲስ ካልሲና ቢጫውን የትምህርት ቤት ባርኔጣዬን አድርጌ ኩሽና ውስጥ ተዘጋጅቼ ቆምኩ። ቦርሳዬ ከወትሮው ከብዷል። ሁለት ትልልቅ የሩዝ እጥፋቶች መክተፊያው ሥር ተጭነው ቅጠሉ እስኪይዝ እየጠበቅን ነው። እናቴ በየደቂቃው መስኮቱን ታያለች። ያን ቀን ነፋስ ተነስቶ ጀልባዎቹ ያለ ሰዓታቸው መመለሳቸውን አላየችም።

በሩ ተከፈተ። አባቴ ከነቦቲው ገባ፤ ከጎማ ልብሱ የባሕር ውሃ ይንጠባጠባል።

«የምን ጓዝ ነው?»

«ሽርሽር አላት» አለች እናቴ።

«በዚህ ብርድ?»

«አበባ ሊያዩ ነው።»

አባቴ በመስኮቱ ወደ ግድቡ ተመለከተ። ሺንጎ ብቻውን እየዘለለ ይሄዳል።

«የኮጋ ልጅ ለምን የደብተር ቦርሳውን ያዘ?»

«የእሱ ክፍል አይሄድም አባዬ፣ ይከፋዋል» አልኩ እኔ።

አባቴ መክተፊያውን አነሳ። በጣቱ የአንዱን ጀርባ ዳበሰ፤ ለጨረታ የሚያቀርበውን ቅጠል እንደሚዳብስ።

«ሙሉ ቅጠል» አለ በቀስታ። «ሁለት። ለአንዲት ፍንጭት ልጅ ሁለት።» ወደ እናቴ ዞረ። «ዳክዬዎቼ ወዴት ሊበርሩ ነው?»

እናቴ በግራ እጇ ከውሃው ሳህን ቢላውን አወጣች፤ ምሳዬን ልትቆርጥልኝ መሰለኝ።

«ነይ ዳክዬዬ» አለኝ። «አፍሽን ክፈቺ እስቲ።»

ጨዋታ ነው። አፌን ከፈትኩና «ኳክ!» አልኩ። ሁለት ጣቶቹ ገቡ፤ ጨውና ናፍጣ ይጣፍጣሉ። ጥርሴን፣ ድዴን፣ ምላሴ ሥር ጠራረገ። ሌላው እጁ አንገቴን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳኝ። የእግሬ ጣቶች ወለሉን ሲለቁ ተሰማኝ። ልስቅ ፈለግኩ፤ ሳቁ የሚወጣበት ቦታ አጣ። ባርኔጣዬ ወደቀ። ጆሮዬ ውስጥ የማድረቂያው ማሽን ይጮሃል፤ ማሽኑ ግን ያን ሰዓት አልተነሳም ነበር።

«ነክተህ ሞክር» አለች እናቴ።

ምኑን እንደሆነ አልተናገረችም። በእኛ ቋንቋ ግሥ ብቻውን ይቆማል፤ ማንን፣ ምንን ሳይባል ይታለፋል፤ አዋቂ ሰው ይገባዋል። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሩዝ ነው ያለችው ብዬ ገመትኩ።

«ይኸው ነካሁ» አለ አባቴ፣ ጥርሱ በጎደለበት በኩል እየሳቀ። ሩዙን እኮ አልነካውም! የነካው የለም ልላት ፈለግኩ። ጣቶቹ ጠበቁ።

እናቴ ቢላውን ክንዱ ላይ፣ እጅጌው ወደ ላይ ከተጠቀለለበት በታች አሳረፈችና ጎተተችው። መጋዝ የለም። አንዴ ነው።

«ኧ?» አለ አባቴ። ክንዱን የጎረቤት ክንድ እንደሆነ ሁሉ አየው። ከውስጥ መጀመሪያ ነጭ ነገር ታየ፣ ከዚያ ቀይ ሞላው። ለቀቀኝ። ወለሉ ላይ ወድቄ ሳልኩ፣ ሳልኩ፤ አዲሱ ካልሲዬ ላይ አስመለስኩ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ቆመሽ ታያለሽ? ጨርቅ አምጪ እንጂ!»

እናቴም አመጣችለት። ጎንበስ ብላ ስትሰጠው በደህና እጁ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ፤ ሳበ፤ በጉልበቷ ወደቀች። በሌላ እግሯ ተረከዝ ጣቶቹን ረገጠች፣ እስኪለቅ ድረስ፣ ከለቀቀም በኋላ። እናቴን እንደዚያ አይቻት አላውቅም። ለአንድ ቅጠል! እላለሁ በልቤ፤ ለአንድ ቅጠል!

ደሙን እኔ ትንሽ ነበር እላለሁ። እናቴ ወለሉ አይታይም ነበር ትላለች። ማናችንን እንደማምን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተነስታ ቢላውን አጠበች። ሩዙ ላይ የተፈናጠረውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ ጥቁር ነገር ደም አያሳይም። ከዚያ እያንዳንዱን ለሁለት ቆርጣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ደረደረች። አባቴ ከወለሉ ያያታል፣ ይሳደባል፣ ድምፁ እየቀጠነ ነው። «ለምን ቆረጥሽው? ለምን ዝም ብለን አልሮጥንም?» ብዬ አንድ ጊዜ በስልክ ጠይቄያታለሁ። ጥያቄው ራሱ አስገረማት። «ምሳሽ ነዋ» አለችኝ።

በእትዬ ኮጋ በር ስናልፍ «ክንዱን ተቆርጧል፣ ሐኪም ጥሪለት» አለቻት እናቴ፤ ጎመን አበድሪኝ የምትል ያህል በተራ ድምፅ። እትዬ ኮጋ አንገቴን አየች። ከራሷ ትከሻ ላይ ሻርፏን አውልቃ ሁለት ዙር ጠመጠመችልኝ። «ጣቢያ እስክትደርሱ እንዳታወልቂው፣ እሺ የእኔ ልጅ? ባቡር ውስጥም።» ለብርዱ መሰለኝ።

ጣቢያው ውስጥ ሌላ ልጅ አልነበረም።

«ሌሎቹስ?» አልኩ። ድምፄ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ቀድመው ሄደዋል።»

«መምህሬስ?»

«ከእነሱ ጋር ናት።»

ትኬት ቆራጩ የት እንደምንወርድ ጠየቀ። እናቴ የመጨረሻው ፌርማታ የት እንደሆነ ጠየቀችው። «ሃካታ ነው» አላት። «እንግዲያው እሱን» አለችው። ምሳ ዕቃውን ጉልበቴ ላይ ከፈተችልኝ። መዋጥ ያመኝ ነበር፤ ቢሆንም እየቆረሰች አጎረሰችኝ፣ እስከ መጨረሻው። እየበላሁ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ የክፍሌን ልጆች ቢጫ ባርኔጣ እፈልጋለሁ።

«እንደርስባቸዋለን እማ?»

«ከፈጠንን።»

ከሃካታ ኦሳካ፣ እናቴ ሆቴል አንሶላ የምታጥብበት ክፍል። በጋው ሲያልቅ ከኦሳካ በአውሮፕላን ባሕር ማዶ፣ ኩሪቲባ፣ ማሽኗ የሞተባት አክስቴ ቤት። መጀመሪያ ሰሞን በደረስንበት ሁሉ ልጆቹን እጠይቅ ነበር፤ በኋላ ተውኩት። እናቴ ኩሪቲባ ቀረች፤ እግሬ የአባትሽን አገር አይረግጥም ትላለች።

ከዚያ ሽርሽር የተመለስኩት ባለፈው ወር ነው፤ ብቻዬን።